ጫማው ውስጥ ያለ መንገድ

ኮምቦልቻ ውስጥ የሚሸጥ የውድድር ብስክሌት ጫማ ሁሉ በውስጡ መንገድ አለው። እግር ሲገባበት ይሰማል። አንዱ ሜዳ ነው፣ አንዱ ዳገት ነው፣ አንዱ ድንጋይ የተነጠፈበት የከተማ መንገድ ነው። ይኼኛው ጥርስ ስለሚያንገጫግጭ ገዢ የለውም። ጫማዎቹ ከባሕር ማዶ በሰልባጅ ታስረው ይመጣሉ፤ በፊት ያደረጋቸው ሰው የነዳበት መንገድ ሶላቸው ውስጥ ቀርቶ አብሮ ይመጣል። የከተማችን ሰው ይኼን ያውቃል፤ የሚገርመው እንግዳ ብቻ ነው።

ጫማው ለእግር መንገድ የተሠራ አይደለም። ሶሉ እንደ ጣውላ ድርቅ ያለ ነው፤ ከሥሩ በሦስት ብሎን የታሰረች ክሊት የምትባል ፕላስቲክ አለችው። ክሊቷ ፔዳሉ ላይ ቀጭ ብላ ትቆለፋለች፤ ለመውረድ ተረከዝን ወደ ውጭ ማዞር ነው። ተቆልፋ እስካለች ድረስ እግርና ብስክሌት አንድ ናቸው። ታዲያ ጫማው የማያውቀው አስፋልት ላይ ሲወጣ የራሱን መንገድ መሄድ ያምረዋል። ባለፈው ክረምት አንድ የሐርቡ ልጅ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወደ ግራ ተጋድሞ ታጠፈና ማሽላ ውስጥ ገባ። ጫማው ኩርባ ነበረው። ልጁን ማንም አልወቀሰውም፤ ሰው ሁሉ የጠየቀው ጫማውን ማን መረጠለት ብሎ ነው።

ስለዚህ እኛ ዘንድ ብስክሌተኛ ጫማውን ብቻውን አይመርጥም። እንደ ትዳር ነው፤ የቤቱ ታላቅ አብሮ ሄዶ ያጣራል። ከየት መጣ፣ የማን ነበር፣ መንገዱ ምን ዓይነት ነው፣ ጠባዩስ እንዴት ነው ይባላል። ለሙሽራ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ለጫማ ደግሞ የተገኘውን ያህል ይቆጠራል።

እኔ መሬማ እባላለሁ። እንድሪስ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ እናታችን ስትሞት ገና ድክ ድክ ይል ስለነበር ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ሥራዬ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ መፈተሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ በፊቴ ያልፋል፣ እኔ እንከን እፈልጋለሁ። ጎረቤቶቼ መሬማ ሰላምታ ስትቀበል እንኳ ገልብጣ ታየዋለች ይሉኛል። ይበሉ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ያሉት አባቶች ሥራ ፈትተው አይደለም።

በዚያ ሰሞን ከኮምቦልቻ ደሴ በሐረጎ ዳገት የሚወጣ ውድድር ተዘጋጀ። አንደኛ የወጣ አዲስ አበባ ክለብ ይገባል፣ ደሞዝተኛ ይሆናል ተባለ። እንድሪስ እስከዚያ ድረስ በሸራ ጫማ ነበር የሚነዳው፤ ልምምድ ላይ እግሩ ከፔዳሉ አምልጦት ታፋው ተልጦ መጣ። አሠልጣኙ ደምሰው የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው፤ በሸራ ጫማ መነሻው መስመር ላይ አላቆመውም አለ። እኔ የምፈልገው ሁለት ነገር ነበር፦ ወንድሜ እንጀራ እንዲያገኝና ሐረጎ እንዳይበላብኝ። ሐረጎን እፈራዋለሁ። መኪና ስሳፈር እንኳ በገደሉ በኩል አልቀመጥም። ከእናቴ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ወንድምም እህትም የለኝም።

የውድድር ጫማ የሚሸጠው ይማም ብቻ ነው። ደምሰው ጫማ በጠዋት አይገዛም፣ እግር ቀን ሲውልበት ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ ውሰጂው፣ የሚነዳበትንም ካልሲ አድርጎ ይሞክር ብሎኝ ነበር። ተረከዙ እንዳይነሳ፣ ጣቶቹ መላወሻ እንዲኖራቸው፣ ሶሉ በእጅ ሲታጠፍ እሺ እንዳይል፣ ብሎኖቹ የሚያርፉበት ቦታ ልክ ከአውራ ጣቱ ጉልጥምት ሥር እንዲሆን። ሁሉን በቃሌ ይዤ ሄድኩ። ይማም ከሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ጫት ይቀነጥሳል። እንድሪስን ሲያይ እግሩን አላየም፤ እኔን ነው ያየው። ይኼ ገና ከመጀመሪያው አላማረኝም።

በእንድሪስ ቁጥር ያለው ሁለት ጫማ ብቻ ነበር፣ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር። ይማም ሁለቱንም አቧራቸውን አራግፎ አግዳሚው ላይ አስቀመጣቸው። ሁለቱም ጨዋ ናቸው አለ። ሻጭ ሳይጠየቅ ጨዋ ናቸው ሲል እኔ ጆሮዬን አቆማለሁ። ነጩ ከየት እንደመጣ ጠየቅሁት፤ ከጅቡቲ ወዲያ ያለውን አላውቅም አለ። የማን ነበር ስለው ትከሻውን ነቀነቀ።

እንድሪስ ነጩን አጠለቀ። ተረከዙን ሞከርኩት፣ አይነሳም። ጣቶቹን ከላይ ዳሰስኩ፣ ይላወሳሉ። ሶሉን ለማጠፍ ታገልኩ፣ እሺ አላለኝም። እንድሪስ ዓይኑን ጨፈነ። ሜዳ ነው አለኝ፤ በግራ በኩል ውኃ አለ፣ ብዙ ውኃ፣ ነፋሱ ጨው ጨው ይላል። መጨረሻው የት ነው ብዬ ጠየቅሁት። አይታየኝም አለ።

ከዚያ ጥቁሩን አጠለቀና ሳቀ። ሐረጎ ነው አለ። የቦርከናን ድልድይ፣ ከድልድዩ አለፍ ብሎ ያለውን የተሰበረ አስፋልት፣ ባሕር ዛፎቹን፣ ዳገቱ የሚጀምርበትን ቦታ አንድ በአንድ ነገረኝ። ፊቱ በርቶ ነበር። እኔ ግን ይማምን ነው ያየሁት። ከባሕር ማዶ የመጣ ጫማ ሐረጎን ከየት ያውቀዋል? ይማም መንገድ መንገድ ነው ብሎ ቅጠሉን መቀንጠስ ቀጠለ።

እንድሪስ ቀስ በቀስ ሳቁን ተወ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ደርሷል። የሲሚንቶ መከላከያ ያለበት፣ ከሥሩ ገደል የሆነው ኩርባ ነው።

«እዚህ ጋ ያልቃል» አለ።

«ምኑ ነው የሚያልቀው?»

«መንገዱ። ከዚህ ወዲያ ምንም የለም እትዬ። ፔዳልም የለም።»

ጫማውን አስወልቄ የውስጡን ንጣፍ መዝዤ አወጣሁ። ያደረገው ሰው እግር ጠቁሮ ታትሞበታል። የግራው ሁለተኛ ጣት በአውራ ጣቱ ላይ ተደርቧል። እንድሪስ ልጅ ሆኖ የወፍጮ መጅ እግሩ ላይ ወድቆበት ሁለተኛ ጣቱ እንደዚያው ተደርቦ ቀርቷል፤ በቅቤ ያሸሁትም፣ በጨርቅ ያሰርሁትም እኔ ነኝ። ያን እግር ከራሴ እግር ይልቅ አውቀዋለሁ። እግሩን ንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት፣ ልክ ገጠመ። እንድሪስ ደግሞ በዕድሜው እንዲህ ያለ ጫማ አድርጎ አያውቅም።

«ጋሽ ይማም፣ ይኼን ጫማ ያደረገው ወንድሜ ነው» አልኩት።

ይማም ንጣፉን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዞረው። እግሩንም አየ።

«ይመስላል» አለ። «እንግዲያው ልኩ ነው ማለት ነው።»

እኔም በእግሬ ልሞክረው ብዬ ተቀመጥኩ። ለእኔ ሰፊ ስለሆነ ሻሼን ጎስጉሼ አጠለቅሁት። በእርግጥ ሐረጎ ነው። አነዳዱም የእንድሪስ ነው፤ ዳገት ሲከብደው ግራ ትከሻውን ዝቅ ያደርጋል፣ እኔ ዘወትር እቆጣዋለሁ። አንደኛው ኩርባ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛው ላይ አለቀ። መውደቅ የለም፣ ሕመም የለም፣ የመኪና ድምፅ የለም። ጫማውን ያወለቀልኝ እንድሪስ ነው።

እንድሪስ ግን ጥቁሩን ወደደው። ሐረጎን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ጫማ ትቼ ማንም የማያውቀውን የባሕር ዳርቻ ሜዳ ልይዝ ነው ወይ ብሎ ተከራከረኝ። ይኼን ጊዜ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሌላ ብስክሌተኛ ቆሞ ነበር፤ አሊጋዝ ይባላል፣ የእንድሪስ ዋና ተፎካካሪ ነው፣ የጫማ ቁጥራቸውም እኩል ነው። ግድግዳ ተደግፎ ጥርሱን ይፍቃል። ማን ጠራው? ከይማም ጋር ሲተያዩ ያየሁ መሰለኝ። ይኼ ሁሉ ተደምሮ ልቤ ቆረጠ።

«ነጩን ነው የምንወስደው» አልኩ።

«የነጩም መጨረሻ እኮ አልታየኝም እትዬ።»

«የማይታይ ይሻለኛል። የሚያልቅ መንገድ ላይ አልሰድህም።»

እንድሪስ ቃሌን አያጥፍም፤ እናቱም አባቱም እኔ ነኝ። ነጩን በፌስታል ይዘን ወጣን። አሊጋዝ ወዲያው ገብቶ ጥቁሩን አነሳ። ጠላቴም ቢሆን ሞቱን አልሻም፣ ተመልሼ ተው፣ መንገዱ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ያልቃል አልኩት። አንቺ ደግሞ፣ ሰው የሚገዛውን ሁሉ ልታስጥይ ነው ብሎ ሳቀብኝ። የማውቀውን ነግሬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የራሱ ጉዳይ ነው።

ነጩ ጫማ ጥሩ ሠራ። እንድሪስ ሐረጎን እንደ ሜዳ ይወጣው ጀመር። ሌሎቹ ጥርሳቸውን ነክሰው ሲታገሉ እሱ አፉን ዘግቶ ያልፋቸዋል። ደምሰው ስንት ልጅ አሠልጥኜ እንዲህ ያለ አላየሁም ይላል ለራሱ። ልብሱን ሳጥብ እጅጌው ላይ ነጭ ነጭ ነገር አገኘሁ። በምላሴ ነካሁት፣ ጨው ነው። ላብ ይሆናል ብዬ አጠብኩት፤ ግን ያለወትሮው በግራ እጅጌው ላይ ብቻ ነበር።

ከዚያ ከልምምድ መልስ ማምሸት ጀመረ። መጀመሪያ በራችንን ትንሽ አልፎ ነበር የሚወርደው፣ ብስክሌቱን እየገፋ ይመለሳል። ቀጥሎ መስጊዱ ጋ መውረድ አመጣ። ቀጥሎ እህል ወፍጮው ጋ። እኔ ሞኝ አይደለሁም፤ ጎረምሳ ልጅ ቤቱን አልፎ የሚሄደው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ወፍጮው ዘንድ ያለችው ማን ናት ብዬ ያዝኩት።

«ማንም የለችም» አለ። «ጫማው ነው። ትንሽ ይቀረዋል።»

አላመንኩትም። በማግስቱ የሚፈጭ እህል ይዤ ሄድኩ። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ያሉት አንድ አሮጌ ባለወፍጮና ሚስቱ ናቸው፤ ልጅ የላቸውም። የባለወፍጮው ሚስት የእህት ልጅ አለቻትና እሷን ጠረጠርኩ፣ ባቲ ነው የምትኖረው አሉኝ። ሽሮዬን አስፈጭቼ ተመለስኩ። ነገሩን ግን ከልቤ አላወጣሁትም፤ ከውድድሩ በኋላ አጣራዋለሁ ብዬ ለጊዜው ተውኩት።

የውድድሩ ቀን በጠዋት በሚኒባስ ሐረጎ ወጣሁና ሦስተኛው ኩርባ ላይ ወረድኩ። ሰው ሁሉ ፍጻሜውን ለማየት ደሴ ነው የሚሄደው። እኔ ግን ፍጻሜው እዚህ ነው ብዬ ፈርቻለሁ። መከላከያው ሥር በቆሎ የምትጠብስ ሴት ነበረች፤ ከአጠገቧ ቆምኩ። ገደሉን ላለማየት ፊቴን ወደ ዳገቱ አዞርኩ፣ ግን ጀርባዬን መስጠትም ከበደኝና ጎን ለጎን ቆምኩ።

ከፊት ሁለት ሆነው መጡ፣ እንድሪስና አሊጋዝ። አሊጋዝ ከመቀመጫው ተነስቶ ይታገላል፣ እንድሪስ ቁጭ ብሎ ይነዳል። ኩርባው ላይ ሲደርሱ አሊጋዝ ቆመ። አልወደቀም። ተረከዙን አዞረ፣ እግሩን መሬት አሳረፈና ብስክሌቱን መከላከያው ላይ አስደገፈ። እንድሪስ አለፈ። ኩርባውን ዞሮ ጀርባው ከዓይኔ እስኪጠፋ አየሁትና አልሐምዱሊላህ ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሊጋዝ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጥቁሩን ጫማ ፈታ። ምን ሆንክ አልኩት። ምንም፣ አለቀ አለኝ። ሌሎቹ ብስክሌተኞች በአጠገባችን ሲያልፉ ቀና ብሎ አላያቸውም። ፊቱ ላይ ንዴት ፈለግሁ፣ አጣሁ። በቆሎ ገዝቶ በላ፤ ከዚያ ጫማውን መከላከያው ላይ ትቶ፣ ብስክሌቱን እየገፋ በካልሲው ቁልቁል ወረደ። አሁን ደህና ነው። ሚስት አግብቶ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ ከፍቷል፣ ወፍሯል። ብስክሌት ትዝ ይልሃል ወይ ሲሉት ምን ብዬ ይላል።

ደሴ ስደርስ ሕዝቡ እያጨበጨበ አልነበረም። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያል። ደምሰው ሜዳሊያውን በገመዱ አንጠልጥሎ መሀል አስፋልት ላይ ቆሟል። እንድሪስ አንደኛ ወጥቷል፤ መስመሩን አልፎ ግን አልቆመም። ወዴት ሄደ አልኩት። ወደ ሐይቅ አለኝ። ደስታው ያሰከረው ነው ብለው አንዳንዶች ሳቁ። እኔ ግን ቤታችንን እያለፈ ወፍጮው ጋ ይወርድ የነበረው ትዝ አለኝ።

የአንድ ነጋዴ ፒካፕ ለምነን ተከተልነው። ሐይቅ ከተማን አልፎ ደረስንበት። ፍጥነቱን አልጨመረም፣ አልቀነሰም። መኪናውን አጠገቡ አድርገን በመስኮት አናገርኩት።

«እንድሬ፣ አሸንፈሃል። ውረድ።»

«አውቃለሁ እትዬ። አላለቀም።»

«ተረከዝህን አዙር።»

«እያዞርኩ ነው። ቁልፉ አይሰማም።»

«ደክሞሃል?»

«ሜዳ እኮ ነው» አለኝ። ከፊታችን የነበረው ግን ዳገት ነው።

ፒካፑ ላይ የነበሩት ወንዶች ወርደው ብስክሌቱን በአየር ላይ አነሱት። እግሩ በአየር ላይም መዞሩን አልተወም። ትንሽ ሲቆይ እንድሪስ መተንፈስ አቃተው፣ ከንፈሩ ጠቆረ። ልቀቁት አልኳቸው። ጎማው አስፋልቱን ሲነካ ትንፋሹ ተመለሰ። አንዱ በቢላ የጫማውን ማሰሪያ ቆረጠው፤ ማሰሪያው ወደቀ፣ ጫማው ከእግሩ አልወጣም። ወንድሜ ይቅርታ እትዬ ብሎኝ ሄደ። ነዳጃችን አልቆ ስለነበር እዚያው ቀረን።

ወደ ሰሜን ነው የሄደው። የተመለሰው ግን በደቡብ፣ በሐርቡ በኩል ነው። የትም ቦታ አልታጠፍኩም አለ። ይኼ እንዴት እንደሚሆን ደምሰው በካርታ ሊያስረዳኝ ሞክሮ አቃተው። ቦርከና ድልድይን ማለፉ አይቀርም ብዬ ሽማግሌዎች አስቀድሜ ለምኜ ነበርና ሼህ ሙሔና ቄስ አስናቀ እንደ ዕርቅ ወግ ድንጋይ ተሸክመው መንገዱ መሀል ቆሙ። የቆሙት ለጫማው ነው። በድለንህ ከሆነ ይቅር በለን፣ የልጁን እግር ልቀቅልን አሉት። እንድሪስ ሽማግሌ ስለሚያከብር አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳቸው፣ በጎናቸው ዞሮም አለፈ። ጫማው አልመለሰም።

ሼህ ሙሔ ድንጋዩን አውርደው፣ ስትመርጪለት በደንብ አጣርተሽ ነበር ወይ አሉኝ። ተረከዙንም፣ ሶሉንም፣ ጣቱንም፣ የመጣበትንም ጠይቄያለሁ አልኳቸው። ማረፊያውንስ አሉኝ። ጫማ ማረፊያ አለው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ይኼን ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው ሰው ሁሉ ያወቀው። አብሽሪ ብለው ሄዱ።

ይማም ጋ ሄጄ ነበር። ሁለት ነበሩ፣ አንቺ መረጥሽ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አልለውም። ሰዎች ጥቁሩን ብትወስጂለት ኖሮ ልጁ ዛሬ እንደ አሊጋዝ ምስማር ይሸጥ ነበር ይሉኛል። ይሆናል። ግን ያ የተደረበ ጣት የማን ነበር ስላቸው የሚመልስልኝ የለም። አሊጋዝ ቆመ ማለት እንድሪስም በደህና ይቆም ነበር ማለት ነው ብሎ የሚምልልኝ ሰው ይምጣ። ሦስተኛው ኩርባ ሄጄ ጥቁሩን ጫማ ፈልጌዋለሁ፤ የለም። ማን እንደወሰደው ባውቅ ደስ ይለኛል።

ወንድሜን አጣሁት ማለት አልችልም፣ አየዋለሁና። አለኝ ማለትም አልችልም። ሲናፍቀኝ አልጋውን አነጥፋለሁ። እሱ የሚመጣበትን ቀን ማንም አያውቀውም፤ እኔ ግን ከሐርቡ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ሲቀየር አውቃለሁ። በሶ በጥብጬ በኮዳ ይዤ አደባባዩ ላይ እቆማለሁ። አጠገቤ ሲደርስ ጥቂት አብሬው እሮጣለሁ፣ የሰፈሩን ወሬ እነግረዋለሁ፣ እገሌ ሞተ፣ እገሊት ወለደች። ኮዳውን ይቀበለኛል፣ ባዶውን ይመልስልኛል። ጢም አውጥቷል። በግራ በኩል ያለው ፊቱ በፀሐይና በነፋስ ጠቁሯል።

ብስክሌቱ ግን አለቀ። መጀመሪያ ጎማው ተበልቶ በቸርኬው እየነዳ መጣ፣ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ደምሰው አዲስ ጎማ ይዞ አብሮት ሮጠ፣ ግን እየሄደ ያለ ጎማ አይቀየርም። ቀጥሎ ሰንሰለቱ የለም። ያለ ሰንሰለት እንዴት እንደሚሄድ ጠየቅሁት፤ እሱም አላስተዋለውም ነበር። ቀጥሎ መቀመጫው የለም። እንዲህ ሲያልፍ ኖረ፣ እኔም ከሰንሰለቱ ወዲህ ምን እንደጎደለ አልነገርኩትም፣ እንዳይፈራብኝ።

ባለፈው ሳምንት ነፋሱ ተቀየረና በሶዬን ይዤ ወጣሁ። ቀትር ነው፤ አደባባዩ ላይ ባጃጆች ተሰልፈዋል። ምንም ድምፅ አልሰማሁም። እንድሪስ በሐርቡ በኩል መጣ። በድሮው ቁመቱ ልክ ተቀምጧል፣ ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቷል፣ እግሩ ይዞራል። ብስክሌት አልነበረም። ነጩ ጫማ አስፋልቱን ሳይነካ ከፍ ዝቅ ይላል። የባጃጅ ሹፌሮቹ መንገድ ለቀቁለት።

አብሬው ሮጥኩ፣ ኮዳውን ሰጠሁት፣ ጠጣ።

«እትዬ፣ ዛሬ ቀለለኝ» አለኝ።

ደስ አለኝ አልኩት፣ ሌላ ምን እለዋለሁ። ባዶውን ኮዳ መለሰልኝና ወደ ሐረጎ ሄደ። እኔ መሀል መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ባለፈበት አስፋልቱ ላይ አንድ ቀጭን እርጥብ የጎማ መስመር ነበር፤ እሱ ከሄደበት ከሐረጎ በኩል ጀምሮ እየደረቀ ወደ እኔ መጣና መድረቁ እግሬ ሥር ሲደርስ ቆመ።